የእትዬ አስካለ ሆም ቴአትር

ስልኩ ሲጮህ ጉቱ መሰላል ላይ ነበር። በአንድ እጁ ድሪሉን ይዞ፣ ሁለት የፕላስቲክ ፊሸር በከንፈሩ ነክሶ፣ የኋላው የግራ ስፒከር የሚሰቀልበትን ቦታ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ይፈልግ ነበር። የመቱ የጭቃ ቤት ጠባዩ ይኸው ነው። ላዩ በሲሚንቶ ተለስኖ የብሎኬት ቤት ቢመስልም ውስጡ ጭቃ ነውና፣ እንጨቱን ያላገኘ ሠራተኛ የነካው ሁሉ እንደ በሶ ይፈረፈርበታል። ጉቱ እንጨቱን ገና ማግኘቱ ነበር።

"አንሳው እንጂ! ልጄ ጥበቡ ይሆናል" አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው እንደያዙ።

ጥበቡ አልነበረም። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ሸዋንግዛው ነበሩ።

"የት ነህ?"

ጉቱ ፊሸሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። "ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ። እትዬ አስካለ ቤት።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ድሪልህ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። አጠገብህ ናት?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እሺ ብቻ እያልክ ስማኝ። ፊትህንም ጠብቅ።" ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥበቡ ሞቷል። ትናንት ማታ መኪናው ከጅማ ወዲህ ገደል ገባ። አስከሬኑ ነገ ይመጣል። ነፃነት ከአዲስ አበባ ተነስታለች፣ የአስካለ ወንድም ወልደ ማርያምም ከጎሬ ማታውን ይገባል። መርዶው ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነገራታል። ደም ብዛት እንዳለባት ታውቃለህ፤ ሴት ልጇ አጠገቧ ሳትኖር አይነገራትም። እስከዚያ እሷ ከቤት እንዳትወጣ። ስልክ እንዳታነሳ፣ ፌስቡክ ላይ ስለወጣ ዘመድ ሁሉ መደወል ጀምሯል። ያንን ቴሌቪዥንም ከኢንተርኔት እንዳታገናኘው። ሰማኸኝ?"

"እሺ።"

"ሥራውን አርዝመው።"

"እሺ።"

"እግዜር ነው አንተን እዚያ ያስገባህ። አደራ።"

ስልኩ ተዘጋ። ጉቱ ግን እንደያዘው ቆየ። ሐሙስ ዕለት ነበር ጥበቡ በዚሁ ስልክ የደወለለት።

"ምን አሉ ሸዋንግዛው?" አሉ እትዬ አስካለ ከታች።

"የእድሩን ድምፅ ማጉያ… እንድጠግንላቸው ነው።"

"እሳቸው ደግሞ! ቅዳሜም አያርፉ፣ ሰውም አያሳርፉ።"

እትዬ አስካለማርያም ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ከሰሜን በጸሐፊነት ጎሬ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው መቱ ተድረው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ሴት ልጃቸው ነፃነት አዲስ አበባ አግብታለች። ጥበቡ አይሱዙ ይነዳል፤ ቡና ጭኖ ይወጣል፣ ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል፣ በወር ውስጥ እናቱ ቤት የሚያድረው ቢበዛ አምስት ሌሊት ነው። ይህን ሃምሳ አምስት ኢንች ቴሌቪዥንና ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ያመጣው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከነካርቶኑ ሳሎን ውስጥ አውርዶት፣ ጭነት ስለሚጠብቀው ሳይከፍተው ሄደ።

ጉቱና ጥበቡ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። "ስመጣ ተሰቅሎ ላግኘው" ነበር ያለው ሐሙስ ዕለት። "ሽቦ እንዳይታይ። እናቴ መሀል ላይ ተቀምጣ እንደ ሲኒማ ቤት እንድትሰማው ነው የምፈልገው። ግድግዳዋን ብታፈርስ ግን ውርድ ከራሴ፣ በስፒከሩ ፋንታ አንተን ነው የምትሰቅልህ።" የሥራውን ዋጋም እዚያው በስልክ ላከለት፤ ለሻይ ብሎ ጨምሮበት።

ጉቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ድሪሉን አስነሳ። ቀዳዳው አልቆ እንኳ አላቆመም። ግድግዳ የሰው ፊት አይመረምርም፣ ድሪል እየጮኸም የሚያናግር የለም። ዓይኑ ሲሞላበት በክንዱ ጠረገው።

"አቧራ ገባብህ?"

"አዎ እትዬ።"

"ውይ የኔ ልጅ! መነጽር እንኳ አታደርጉም እንዴ እናንተ? ና ውረድ፣ ውረድ!"

አስወርደው ወንበር ላይ አስቀመጡት። የነጠላቸውን ጫፍ ውኃ ነክረው፣ አገጩን በአንድ እጃቸው ቀና አድርገው፣ ዓይኑን ራሳቸው ጠረጉለት። "ጥበቡም እንዲህ ነው" አሉ። "ጢሙን እያከከ፣ ይህን የሚያህል መኪና እየነዳ፣ አቧራ ሲገባበት ግን እኔ ጋ ነው የሚሮጠው።"

ጉቱ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ለልጃቸው ያለቀሰውን እንባ ጠርገውለት፣ ይባስ ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ቤቴ አቧራማ ሆኖ ነው አሉት።

ቀጥሎ ስልካቸውን ጠየቃቸው። ከሆም ቴአትሩ ጋር በብሉቱዝ ላገናኘው አላቸው። በደስታ ሰጡት። ሁለት ያልተነሱ ጥሪዎች ነበሩበት። ስልኩን ሲነካካ የአውሮፕላን ምልክቷን ተጫናት፤ ኔትወርኩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ ሲኖር የሰው ዕቃ ሆን ብሎ አበላሽቶ አያውቅም። ሌላው ቢቀር የሚጠገነውን አይጠገንም ብሎ አዲስ ዕቃ ያስገዛ ዕለት እንኳ የለም። አሁን ግን የእናትን ስልክ ፊቷ ተቀምጦ ዘጋው፣ ስልኩንም ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ እንደ ዕንቁላል አስቀመጠው።

"እንግዲህ እንሞክረው" አላቸው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ።

የሆም ቴአትሩ የሙከራ ድምፅ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው እየዞረ እንደ ዝናብ "ሽሽሽ" ይላል። ከፊት ግራ፣ ከመሀል፣ ከፊት ቀኝ፣ ከዚያ ከኋላ። እትዬ አስካለ መሀሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው በአንገታቸው ይከተሉታል። ድምፁ ከኋላቸው ሲመጣ ዘለው ዞሩ።

"በስመ አብ! ሰው ያለ መስሎኝ!" አሉና እንደ ልጃገረድ ሳቁ። "አሁን ዘፈን ልቀቅበት። ያ ትልቁ ሳጥን ምንድን ነው የሚሠራው?"

"ቡፈር ነው እትዬ። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ።"

"እስቲ ይስማ፣ ጨምረው።"

ትንሽ ጨመረ።

"ይኸማ የኔ የድሮ ሬዲዮ ነው! ጨምረው እንጂ፣ ለማን ትሰስታለህ?"

ጨመረው። ወለሉ ደነገጠ፣ ብፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቃጨሉ። በዚህ መሀል ጉቱ በመስኮቱ ሁለት ሰዎች አየ፤ የእድሩን ድንኳን ብረት ለሁለት ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ላይ እየሄዱ ነው። ቡፈሩ ሲጎላ ፊተኛው ሰው ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ። ጉቱ ተስፈንጥሮ መጋረጃውን ሳበው።

"ምነው?"

"ፀሐዩ… ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ያበላሸዋል።"

"አይ ዕውቀት!" አሉ እትዬ አስካለ ከልባቸው አድንቀው። "እኔ ብሆን ቀን ሙሉ ከፍቼው ነበር የምውል።"

መብራት ጠፋ። ጉቱ በሆዱ ተመስገን አለ። ሳሎኑ ደብዘዝ፣ ቤቱ ጭጭ አለ። እትዬ አስካለ የሚቀመስ ነገር ሊያዩ ወደ ጓዳ ሲገቡ እሱ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

በመርዶ ላይ ቂም አለው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሱ ጋምቤላ ዲሽ ሲተክል አባቱ ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ ሞቱ። ሊወስደው የመጣው የአጎቱ ጓደኛ ጅራታ ነበር። "አባትህ ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ገንፎ በሉ" አለው። መንገዱን ሁሉ ሲቀልድለት፣ ሲያስቀው መጣ። ጎሬ ላይ ወርደው ምሳ በሉ፤ ጉቱም ለአባቱ ብርቱካን ገዛ። ብርቱካኑን በፌስታል እንዳንጠለጠለ ነው ድንኳኑን ያየው። ዝም ማለቱን አይደለም የተቀየመው። አገር የሚያደርገው ነው፤ ለሰው ልብ ታስቦ ነው። ያ "ገንፎ በሉ" የሚለው ነው ያልለቀቀው። ዛሬም ገበያ ላይ ጅራታን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሰው በሐዘኑ ዋዜማ የሰማውን እያንዳንዱን ቃል መልሶ መልሶ እንደሚያኝክ ጉቱ ያውቃል። ነገ እትዬ አስካለም ያኝካሉ። ስለዚህ ለራሱ ማለለት፤ ሥራ እንጂ ወሬ የለም።

መብራቱ ሲመጣ ሆም ቴአትሩ ባቆመበት ከፍታ ዷ! ብሎ ተነሳ። ጉቱ ሪሞቱን ፍለጋ ካርቶኑን አተራመሰ።

"ተወው!" ብለው ወጡ እትዬ አስካለ በሳህን ቆሎ ይዘው። "ሰፈሩ ይስማ! ሰርቄ አላመጣሁት፣ ልጄ ነው የገዛልኝ! እንዲያውም እሱ ራሱ ይስማው። ደውልለት።"

"አሁን?"

"አሁን ነዋ። ስልኬን ከዚህ ጋር አገናኝቼዋለሁ አላልከኝም? ድምፁ በአምስቱም ይምጣልኝ።"

ስልካቸውን አነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት። "ኔትወርክ የለም ይላል። ያንተስ?"

"የእኔም የለም እትዬ።"

"ይኸ ኔትወርክ የሚሉት! ቆይ፣ ዱሬቲ ጋ አይጠፋም። ደርሼ ልምጣ።" ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጫማቸውን በእግራቸው መፈለግ ጀመሩ።

የዱሬቲ ቤት ጎን ለጎን ነው፤ ግን እትዬ አስካለ በአጥሩ ሽንቁር ስለማይሾልኩ በመንገዱ ነው የሚዞሩት። መንገዱ ላይ ደግሞ የድንኳኑ ብረት፣ የእድሩ ወንበር፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አሉ። 

"ይቆዩ እትዬ፣ ይቆዩ። ጓሮ ሲወጡ አንዳንዴ ይይዛል። እኔ ልሞክርልዎት።"

ጓሮ ወጥቶ አቮካዶው ሥር ቆመ። ስልኩን ከፍቶ የጥበቡን ስም አየው። አልነካውም። ጆሮው ላይ ብቻ ያዘውና የቅጠሉን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ። አልያዘም ብሎ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ፤ እግዜር ያየዋል፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሲመለስ ግን እትዬ አስካለ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ አስገብተው፣ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። "አገኘሁት!" አለ።

እጃቸው ከእጀታው ወረደ። "አገኘኸው? ምን አለህ?"

"መንገድ ላይ ነው።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ነገ። ነገ ይደርሳል።" እውነት ይህች ብቻ ነበረች፣ ከውሸቶቹም ሁሉ ይልቅ የከበደችው እሷ ነበረች።

"ድምፁስ? ማክሰኞ ሲያናግረኝ ጉንፋን ይዞት ነበር።"

"ተሽሎታል" አለ ጉቱ።

ቃሉን ራሱ ሰማው። ጅራታ ከአፉ ውስጥ የወጣ መሰለው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እትዬ አስካለ እልል ብለው ነበር። ሁለቱን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ልጅነታቸው፣ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ከዚያ በጓሮ በር ወጥተው በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

"ዱሬቲ! አንቺ ዱሬቲ! ጥበቡ ነገ ይገባል! ጉቱ አሁን በስልክ አነጋገረው!"

ዱሬቲ በአጥሩ ሽንቁር ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሯ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። "ሃዳ ጥበቡ" አለች፤ የጥበቡ እናት ማለቷ ነው፣ ዘወትር የምትጠራቸው በዚሁ ነው። ዛሬ ግን ስሙን ስትጨርሰው ድምጿ ተሰበረ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ጉንፋን ነው።"

"አንቺም? ዘንድሮ ሁሉንም ያዘ። ቆይ ዝንጅብል አለኝ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ዱሬቲ የጉቱን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። "ማል ጎቴ?" አለች በሹክሹክታ። "ምን አደረግክ ጉቱ?"

"ልትወጣ ነበር እኮ! ጫማዋን አድርጋ ነበር!"

"ብትወጣ እይዛታለሁ። ስንት ሴት ነው ደጁ ላይ የቆመው? ዝም በሉ ነው የተባልነው። ዋሹ አልተባልንም።"

"ምን ልበል ታዲያ? አፌ ቀደመኝ።"

"ነገ ሲነግሯት ምን እንደምትል ታውቃለህ?" ዱሬቲ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "አርብ ማታ ሞተ ሲሏት፣ 'ውሸት ነው፣ ቅዳሜ ጉቱ አነጋግሮታል' ትላለች። ሳጥኑ ፊት ቆማ ትከራከራለች። 'ልጄ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው፣ ክፈቱልኝ' ትላለች። አንተን ምስክር ትጠራለች ጉቱ።"

ይህን አላሰበውም ነበር። እስካሁን የሚፈራው መጠላትን ነበር። አሁን ግን ነገ ማለዳ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሀል፣ እትዬ አስካለ እጁን ይዘው "ንገራቸው እንጂ! አነጋግረኸው የለም?" ሲሉት ታየው። 

ዱሬቲ ዝንጅብሉን ሳትጠብቅ በሽንቁሩ ተመለሰች። "ፊቷን ማየት አልቻልኩም። እዚሁ አጥሩ ሥር ነኝ" ብላው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ጉቱ በእጁ እንጂ በልቡ አልሠራም። ሽቦውን በነጭ ካናል እየሸፈነ በጣሪያው ጥግ አዞረው። የሶኬት ማከፋፈያውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አሰረ። እትዬ አስካለ ሪሞቱን ተማሩ፤ በዚህ ይከፈታል፣ በዚህ ድምፅ ይጨመራል፣ ይህችን ቀይዋን ግን አይንኩ። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ናቸውና፣ ቁልፎቹን በደብተር ላይ ሥለው ቁጥር ሰጧቸው።

"ዩቲዩብ የሚሉትስ? ጥበቡ መዝሙር አለበት ብሎኛል።"

"እሱን… ሌላ ቀን" አለ።

"ልክ ነህ፣ እሱ ራሱ ያሳየኝ።"

ጉቱ በመጨረሻ ሜትሩን ዘርግቶ ከየስፒከሩ እስከ መሀሉ ወንበር ያለውን ርቀት መለካት ጀመረ። ድምፁ እኩል እንዲደርስ ቁጥሩ በመሣሪያው ላይ ይሞላል። እትዬ አስካለ የሚለካውን አይተው ጠየቁት።

"መሀል የተቀመጠ ነው ደህና አድርጎ የሚሰማው?"

"አዎ። ለእርስዎ ነው የማስተካክለው።"

"እንዲያማ ከሆነ አፍርሰው። ያንን የግድግዳውን ሶፋ ለካ። ጥበቡ ሲመጣ እዚያ ነው ጋደም የሚለው። ድምፁ ለሱ ይስተካከል፤ መንገድ የሰለቸው እሱ ነው።"

"ለእርስዎ ነው ብሎኝ ነበር እትዬ። እናቴ መሀል ትቀመጥ ብሎ—"

"እሱ ይላል። እኔ እናት ነኝ፤ እሱ ሲስቅ እሰማለሁ።"

ጉቱ ለካ። ማንም ለማይጋደምበት ሶፋ ከአምስቱም አቅጣጫ ለካ። ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ሦስት ሜትር ከሃያ። ቁጥሩን ሁሉ መሣሪያው ላይ ሞላ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ልክክ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ እንደዚያን ቀንም በሥራው አፍሮ አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አለቀ። የሚለካም የሚሰቀልም አልቀረም። ድሪሉን፣ ቴስተሩን፣ የተረፉትን ፊሸሮች ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የጭቃውን ፍርፋሪ ራሱ ጠረገ። ደጅ መሽቷል ለማለት ትንሽ ይቀረዋል። አሁን ቢወጣ ጋሼ ሸዋንግዛው የሰጡትን አደራ ፈጽሟል፤ እትዬ አስካለ አልወጡም፣ ስልክ አላነሱም። ቀሪው የሽማግሌዎች ነው።

"መድኃኒትዎን ወስደዋል?" አለ ድንገት።

"የከሰዓቱን ወስጃለሁ። ምነው፣ ሐኪምም ሆንክ እንዴ?" እየሳቁ ወደ ጓዳ ገቡና በሁለት እጃቸው አንድ ነገር ታቅፈው ወጡ። ሁለት ኪሎ የሚይዝ ጣሳ ነው፤ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። "ገንዘቡን ጥበቡ እንደላከልህ ነግሮኛል። ይኸ ሌላ ነው። የዳሪሙ ነጭ ማር ነው፣ ለራሴም አልከፈትኩት። እንካ።"

"የምን ነው እትዬ?"

"የምሥራችህ ነዋ! ልጄ ደህና ነው፣ ነገ ይገባል ብለህ ነግረኸኝ ባዶ እጅህን ልሸኝህ? አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደህና ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ሰው የለበሰውን ይሸልም ነበር። እንካ ያዝ። ለሚስትህ ለኢሊሊና ለልጆቹ ነው። ይላሱ፣ ለጥበቡም ዕድሜ ይለምኑልኝ።"

ጉቱ እጁን አልዘረጋም። ጣሳውን አየ። ይህን ማር ቤቱ ሊያስገባው ነው። ኢሊሊ ትከፍተዋለች፣ ልጆቹ ጣታቸውን ይነክራሉ፣ ለሞተ ሰው ዕድሜ ይለምናሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ እኚህ ሴት መርዶውን ሲሰሙ፣ ለደበቀባቸው ሰው የምሥራች እንደሰጡ ትዝ ይላቸዋል። አሁን እውነቱን ቢናገር ጋሼ ሸዋንግዛው ተናደው ፊታቸው ሲቀላ ታየው፤ እድሩም ይቀጣዋል፣ ሰፈሩም ያለውን ይላል። ይበል አለ በልቡ።

"ክንዴ ዛለ እኮ፣ ያዝ እንጂ!"

"ይቀመጡ እትዬ።"

"ምን ሆንክ?"

"ማሩን አልወስድም። የምሥራች አላመጣሁም።"

"እንዴት አላመጣህም?"

"ጥበቡን አላነጋገርኩትም። ጓሮ ወጥቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ነው የተመለስኩት። መንገድ ላይ ነው ያልኩዎትም፣ ተሽሎታል ያልኩዎትም ከራሴ ነው። ዋሽቼዎታለሁ።"

እትዬ አስካለ ጣሳውን እንደታቀፉ አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ግማሽ ፊታቸው ብቻ። "አይ ጉቱ! ኔትወርክ እምቢ ቢልህ እኔን ደስ ላሰኝ ብለህ ነው አይደል? ሞኝ! ይኸ ታዲያ ምን ያሳፍራል?"

መውጫውን ራሳቸው ከፈቱለት። አዎ ቢላቸው አበቃ። ውሸቱም ይታረማል፣ የሽማግሌዎቹም ቃል ይጠበቃል፣ እሱም ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል። አፉን ከፈተ።

"አይደለም እትዬ" አለ። "ኔትወርክ አለ።"

ፈገግታው እዚያው ፊታቸው ላይ ቀረ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ዳር ስለነበር ጉቱ ወደ መሀል ገፋላቸው። ዓይናቸው ወደተሳበው መጋረጃ ሄደ፣ ወደ ጓሮው በር ሄደ፣ ተመልሶ እሱ ላይ አረፈ።

"ታዲያ ልጄ የት ነው?"

ያንን መናገር የእሱ ድርሻ አልነበረም። በጓሮው በር አንገቱን አውጥቶ "ዱሬቲ! ነይ፣ አሁን ነይ!" ብሎ ተጣራ። ቦርሳው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ አላነሳውም። ተመልሶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ዱካ ስቦ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ደህና ነው በለኝ" አሉት።

የዱሬቲ ኮቴ በጓሮ ተሰማ።

"ጉቱ፣ ልጄ፣ ደህና ነው በለኝ። ቅድም ብለኸኝ የለም? ደህና ነው በለኝ።"

ጉቱ እጃቸውን አጥብቆ ያዘ እንጂ ደህና ነው አላለም።